መርፌውን ከቀኝ እንጂ ከግራ የማያየው አልትራሳውንድ

ጥያቄው ከአንድ የሆስፒታል ባዮሜዲካል ቴክኒሽያን የመጣ ነው። ለነርቭ ማደንዘዣ የሚጠቀሙበት አልትራሳውንድ መርፌውን በራሱ ፈልጎ በቀለም መስመር ያሳያል። መርፌው በስክሪኑ ከቀኝ ሲገባ መስመሩ ወዲያው ይወጣል፤ ከግራ ሲገባ ግን ወይ ይጠፋል፣ ወይ የጡንቻ ሽፋን ላይ ያርፋል። ሊኒየር ፕሮቡ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው፣ ፊቱ ቀጥ ያለው የሞገድ መላኪያና መቀበያ) ከዚህ በፊት ውጭ ተጠግኗል። «ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ልጫነው?» ይላሉ።

አይጫኑት። በአንድ ወገን ብቻ የሚስት ከሆነ ከዚያ ወገን የሚደርሰው ምስል ደካማ ነው ማለት ነው። ጥርጣሬዬ ሁለት ነው፦ ወይ ማሽኑ የድምፅ ሞገዱን የሚያዘነብልበት አቅጣጫ በአንድ ወገን ቀርቷል፣ ወይ የፕሮቡ ግራ ጫፍ ሞቷል። የተጠገነ ነው ስላሉኝ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ለሰመመን ባለሙያዎቹ ይንገሩ፦ ይህ እስኪጣራ መስመሩን አምኖ ማንም መርፌ እንዳይገፋ። መስመሩ የመርፌው ጫፍ አይደለም።

ሙከራውን ወፈር ባለ የዶሮ ፍርምባ ላይ ያድርጉት። ፕሮቡን ጄል የገባበት ጓንት ያልብሱት፣ የማዘንበያውን አቅጣጫ ወደ ግራ ይቀይሩና መርፌውን ከግራ ያስገቡ። መስመሩ ከወጣ ችግሩ እዚያው አለቀ።

ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል። ሥጋ ሞገዱን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፤ መርፌ ግን ገጹ ልሙጥ ብረት ስለሆነ እንደ መስታወት ነው የሚመልሰው። ሞገዱ በ90 ዲግሪ ከመታው ማሚቶው ወደ ፕሮቡ ይመለሳል። መርፌው ከቆዳው በ30 ዲግሪ ተዘቅዝቆ ሲገባና ሞገዱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ግን ማሚቶው በእጥፉ፣ በ60 ዲግሪ ወደ ጎን ያመልጣል። ስለዚህ ማሽኑ ሞገዱን መርፌው ወደገባበት ወገን ያዘነብለዋል። 20 ዲግሪ ካዘነበለ የሚቀረው ልዩነት 10፣ የማሚቶው መሳት 20 ዲግሪ ብቻ ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ፕሮቡ በቂውን ይቀበላል። ወደ ተቃራኒው ወገን ካዘነበለ ግን ልዩነቱ 50፣ መሳቱ 100 ዲግሪ ነው። ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ረጅም፣ ቀጥ ያለና ደማቅ ነገር ስለሆነ መርፌው ሲጠፋበት የጡንቻውን ሽፋን ይይዛል። መርፌው በጣም ቆሞ ከገባም፣ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ማዘንበያው አይበቃውም።

አቅጣጫው ደህና ከሆነ ወደ ፕሮቡ ይሂዱ። መጀመሪያ ፊቱን በደንብ ይዩት። ሌንሱ (ፊቱን የሸፈነው ጎማ መሰል ንጣፍ) ተሰንጥቆ ከሆነ ሌላ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጄሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ወደ ታካሚው ሊያሾልክ ስለሚችል ከአገልግሎት ያውጡት። ካልተሰነጠቀ ጠርገው ያድርቁት፣ የመርፌ ፍለጋውንና ኮምፓውንዲንጉን (ከተለያየ ማዕዘን የተወሰዱ ምስሎችን የሚያዋህደውን) ያጥፉ፣ ጥልቀቱን 3 ሴንቲሜትር ያድርጉና አየር ላይ ይያዙት። ከላይ የሚታዩት ብሩህ አግድም መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለባቸው። ቁልቁል የወረደ ጥቁር ጥላ ካለ ጌይኑን (የምስሉን ድምቀት) ይቀንሱ፣ ጠብታ ጄል ያድርጉና የወረቀት ክሊፕ የተጠማዘዘ ጎኑን በፕሮቡ ፊት ላይ በዝግታ ያንሸራትቱ። ከክሊፑ ሥር ያለው ብርሃን የሚደበዝዝበት ቦታ ላይ ወይ ኤለመንቱ (ሞገዱን የሚልከውና የሚቀበለው ትንሽ ክፍል) ሞቷል፣ ወይ ሌንሱ ለቋል።

የርካሽ ጥገና ነገር በጣም ያናድደኛል። የተበላሸውን ሌንስ ልጠው ተራ ሲሊኮን ይቀቡበታል። ውፍረቱ ሲዛባ ሞገዱ ያለ ቦታው ይሰበሰባል፣ የሚቆርጠው የሥጋ ንጣፍ ይወፍራል፣ ቀጭን መርፌ ደግሞ በዚያ ውስጥ ይዋጣል። ኬብል የሚበይዱትም ከፀጉር የማይተናነሱትን ሽቦዎች በሙሉ ሳያገናኙ ይዘጉታል። ምስሉ ለተራ ምርመራ ደህና ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም፤ የሚያጋልጠው የመርፌ ፍለጋው ነው።

ጥቁር ጥላ ካገኙ ማሽኑን አጥፍተው የኮኔክተሩን ፒኖች በአጉሊ መነጽር ይዩ፤ የተጣመመ ፒን ሊኖር ይችላል። ከዚያ ፕሮቡን በማሽኑ ሌላኛው የፕሮብ ሶኬት ይሰኩት። ጥላው አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የፕሮቡ ነው፤ ሶኬቱን ሲቀይሩ ከጠፋ ደግሞ የመጀመሪያው ሶኬት ወይም ከጀርባው ያለው ቦርድ ነው። ፕሮቡ ከሆነ ለጠጋኙ የአየር ላይ ምስሉን አትመው ይላኩለት፤ ሲመልሰውም የእያንዳንዱን ኤለመንት የፍተሻ ውጤት ይጠይቁት። ተጠግኖ ከመጣ በኋላም በሁለቱም ወገን ዶሮው ላይ ሳይሞከር መስመሩን አምኖ ሰው ላይ መርፌ የሚገፋ አይኑር።