ጠያቂና መላሽ፦ የጠላቂ ጓዝ ከድሬዳዋ እስከ ታጁራ

የደቻቱ ወንዝ ከክረምት ጎርፍ በቀር አሸዋ በሆነባት ከተማ ስለ ባሕር መጥለቅ መጠየቁ የሚገርመው ካለ፣ ጅቡቲ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለድሬ እንደምትቀርብ ያስታውስ። ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ጅቡቲ ላይ የሚታይበት ወቅት ኅዳር ላይ ስለሚጀምር ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሙሉ የመጥለቂያ ዕቃ ገዝቼ ቤት ስመዝነው ከነሻንጣው 26 ኪሎ መጣ፤ ዝርዝሩን ልኬላችኋለሁ። ጉዞዬ በአዲስ አበባ በኩል ነው። የአገር ውስጡን ትኬት ለብቻው ቆርጬዋለሁ፤ 20 ኪሎ ይላል። ለትርፍ ኪሎ ከምከፍል የቱን ልተው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከዝርዝርዎ ላይ ዓይናችን መጀመሪያ ያረፈው በእርሳሱ (ለመስመጥ ቀበቶ ላይ በሚታሰረው ክብደት) ላይ ነው። ሁለት ባለ 2 ኪሎ እርሳስ ይዞ ወደ ጠላቂዎች ማዕከል መሄድ ወደ ዳሎል ጨው እንደ መጫን ነው። እርሳስና ሲሊንደር (የታመቀ አየር መያዣ) ማዕከሉ ያቀርባል፤ ብዙ ጊዜም ዋጋው ከመጥለቂያው ክፍያ ጋር ይታሰባል። ቀበቶውን ብቻ ይያዙ። 22 ኪሎ ቀረዎት።

ቀጥሎ ሻንጣው ራሱ። ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣዎ ባዶውን 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ከተፈቀደልዎ ሩቡ ማለት ነው። ወፍራም ሸራ ያለው፣ 2.5 ኪሎ የማይሞላ ቦርሳ ይበቃል። ርዝመቱ 70 ሴንቲሜትር ይሁን፤ የተለመደው ፊን (የእግር መቅዘፊያ) ከ60 እስከ 65 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሳይታጠፍ ይገባል። ብዙ አየር መንገዶች ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ሲደመር 158 ሴንቲሜትር እንዳያልፍ ይፈልጋሉ፤ 70 በ40 በ30 ቢሆን 140 ነው፣ ችግር የለውም። አሁን 19.5 ደረስን።

ሬጉሌተሩ (ከሲሊንደሩ አየር የሚተነፍሱበት፣ 3 ኪሎ)፣ ማስኩ (ግማሽ ኪሎ)፣ ኮምፒውተሩና የውሃ ውስጥ ባትሪው (በድምሩ 1 ኪሎ ያሉት) በእጅ ሻንጣ ይሂዱ። ይህን የምንለው ለሚዛኑ ብቻ አይደለም። ሌላው ዕቃ ቢጠፋ ጅቡቲ ላይ ይከራያል፤ ፊትዎ ላይ ልክ የሚገጥም ማስክና ጥገናውን ራስዎ የሚያውቁት ሬጉሌተር ግን በኪራይ አይተካም። የእጅ ሻንጣ በአብዛኛው 7 ኪሎ ነው፤ እነዚህ 4.5 ይወስዳሉ። ወደ ድሬ የሚመላለሰው ፕሮፔለር ያለው ኪው 400 አውሮፕላን ከሆነ የላይኛው መደርደሪያ ጠባብ ነው፤ ጎማ ያለው ሻንጣ በር ላይ ተቀብለው ወደ ጭነት ክፍል ይሰዱታል። ስለዚህ ሬጉሌተሩን ከወንበር ሥር በሚገባ ለስላሳ ቦርሳ ይያዙት።

የቀረው 15 ኪሎ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ውሃው ከ25 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን የ5 ሚሊ ዌትሱቱን (የላስቲክ መጥለቂያ ልብሱን) በ3 ሚሊ ቢቀይሩት አንድ ኪሎ ይቀንሳል። አደራደሩ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ፊኖቹን በሁለቱ ጎን እንደ ግድግዳ ያቁሟቸው፤ ቢሲዲውን (የመንሳፈፊያ ጃኬቱን) አየሩን ጨርሰው ከታች ያንጥፉት፤ ዌትሱቱን ሳያጥፉ ጠቅልለው መሃል ያስገቡት፤ ካልሲና ልብስ ጫማው ውስጥ ይጠቅጥቁ። የፊኑ ጫፍ ታጥፎ ሙቀት ላይ ከዋለ ጠማማ ሆኖ ይቀራል፤ ድሬ ላይ ሙቀት አይታማም።

ስለ ትኬቱ አንድ ነገር እንጨምር። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ቢቆርጡ ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የዓለም አቀፉ ልክ ከድሬ ጀምሮ ይሠራልዎት ነበር። ለየብቻ ሲሆን ግን ትንሹ ልክ ይገዛዎታል።

ጥያቄ፦ ባለ 12 ሊትር የብረት ሲሊንደር በርካሽ አግኝቻለሁ። ድሬ ላይ አስሞልቼ በአውሮፕላን ልወስደው እችላለሁ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አይችሉም። የተሞላ ሲሊንደር በመንገደኛ ሻንጣ ክልክል ነው። ባዶውንም የሚቀበሉት ቫልቩ ተፈትቶ ውስጡ ሲታይ፣ ያውም አስቀድሞ ከተነገራቸው ነው። ክብደቱ ብቻውን 14 ኪሎ ግድም ነው። ቫልቩ በተፈታበት እርጥበት ከገባ ደግሞ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ማዕከሎች ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን የፍተሻ ቀን አይተው ነው የሚሞሉት፤ ጊዜው ካለፈ ይመልሱልዎታል።

«አስሞልቼ» ያሉት ግን ከአውሮፕላኑ በላይ አሳስቦናል። የጎሚስታ መጭመቂያ ከ10 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ብዙም አያልፍም፤ የጠላቂ ሲሊንደር የሚሞላው 200 ባር ድረስ ነው። የግፊቱ ነገር ይቅርና ከጎሚስታ የሚወጣው አየር የዘይት ትነት ያለበት፣ ለጎማ እንጂ ለሳንባ ያልተሠራ ነው። የሕክምና ኦክስጅንም መልስ አይሆንም፦ ንጹሕ ኦክስጅን 6 ሜትር ላይ 1.6 ባር ይደርሳል፤ ከዚያ በታች ውሃ ውስጥ ሳሉ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። ሲሊንደሩን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ቢላዋ፣ ባትሪ፣ የካሜራ ሣጥን... ፍተሻ ላይ እንዳልጉላላ የቱን የት ላድርግ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ቢላዋ፣ የገመድ መቁረጫና መፍቻ በሚጫነው ሻንጣ። መለዋወጫ ባትሪ ድንጋይ፣ ሊቲየም ከሆነ፣ የግድ በእጅ፤ ጫፎቹ ከብረት እንዳይነካኩ እያንዳንዱን በፕላስቲክ መያዣው ወይም ጫፉን በፕላስተር። ገደቡ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ ያባዙ። ብዙ የጠላቂ ባትሪዎች የሚሠሩበት 18650 የሚባለው 3.7 ቮልትና 3.4 አምፒር-ሰዓት ቢሆን 12.6 ዋት-ሰዓት ግድም ነው፤ ከገደቡ በጣም በታች። ኃይለኛ የውሃ ውስጥ ባትሪ አየር ላይ ቢበራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሌለ በደቂቃዎች ውስጥ ጨርቅ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩን አውጥተው ለብቻ ይያዙ፤ ለአየር መንገዱም አስቀድመው ያሳውቁ፣ ፈቃዱ የእነሱ ነው። ሬጉሌተሩን ከቦርሳው አናት ላይ አድርገው የጠላቂነት መታወቂያዎን አብረው ይያዙ። ቱቦና ብረት የተጠላለፈበት ነገር በማሽን ሲታይ ያጠራጥራል፤ ፈታሹ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የካሜራው ሣጥን ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት 0.87 ባር አካባቢ ነው፤ ጅቡቲ ላይ 1 ባር። ሣጥኑን ድሬ ላይ ግጥም አድርገው ዘግተው ባሕሩ ዳር ሊከፍቱ ቢሞክሩ፣ 15 በ15 ሴንቲሜትር የሆነውን ክዳን የውጭው አየር ወደ 30 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ተጭኖ ይይዝብዎታል። ሐረር ላይ ከዘጉትማ ወደ 45 ኪሎ። በካቻቢቴ የሚታገል ሰው ውሃ እንዳያስገባ የሚዘጋውን የላስቲክ ቀለበት ይቆርጠዋል፤ ቀለበቱ ከተቆረጠ ካሜራው ጠጣ። ዋናውን ቀለበት አውጥተው በትንሽ ከረጢት ያስቀምጡ፣ ሣጥኑ እንደላላ ይጓዝ።

ጥያቄ፦ ከጠለቁ በኋላ ወዲያው መብረር አይቻልም ይባላል። እኛ ለሦስት ቀን ጠልቀን ስንመለስ በባቡር ነው፤ ከድሬ ደግሞ በመኪና ያንኑ ዕለት ሐረር እንገባለን። ስለማንበር በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቀን ከሰዓት ብንነሳ ምን አለበት? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ አለበት እንጂ። ክልከላው በአውሮፕላኑ ሳይሆን በከፍታው ምክንያት የመጣ ነው። ሲጠልቁ ናይትሮጅን ወደ ሰውነት ይገባል፤ ከወጡም በኋላ በዝግታ በትንፋሽ እየወጣ ይቆያል። የውጭው ግፊት ቶሎ ከቀነሰ ግን እንደተከፈተ ለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሠራል። የአውሮፕላን ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ቢል 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ነው። እናንተ ደግሞ ከባሕር ወለል ተነስታችሁ በጥቂት ሰዓት 1,200 ሜትር፣ ከዚያ ደንገጎን ወጥታችሁ በሐሮማያ በኩል ወደ 2,000 ሜትር፣ ከዚያ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ታድራላችሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከመቀመጥ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ከአውሮፕላኑ መውረዱ ነው፣ ከሐረር ግን አትወርዱም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር የሐረርን ዳገት ትቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ላይ መቆሙን ለሚያውቅ፣ ዳገቱ ቀላል እንዳልሆነ መንገር አያስፈልግም።

ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሚሰጠው መመሪያ ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ላለው ከፍታ ነው፤ ድሬም ሐረርም እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ዲኮምፕረሽን ማቆሚያ (ናይትሮጅኑ እንዲወጣ ወደ ላይ ሲመለሱ በመሃል ቆም ከማለት ውጭ) ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፤ በቀን ደጋግመው ወይም በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ቢያንስ 18፤ ዲኮምፕረሽን ማቆሚያ የነበረበት ከሆነ ከ18 በጣም የበለጠ፣ ማለትም 24 እና ከዚያ በላይ። እናንተ ለሦስት ቀን ስለምትጠልቁ 18ቱን ያዙ። ጠዋት በእኛ 4 ሰዓት ከውሃ ብትወጡ የሚሞላው በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ጅቡቲዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ስለሆነ የማዕከሉ «10» የእኛ 4 መሆኑን አትርሱ፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ስድስት ሰዓት ይጎድለዋል። ከዚህ የተረፈን ጊዜ ሁሉ በመጠበቅ ላይ ብታውሉት ይሻላል፤ 18 ዝቅተኛው ነው እንጂ ዋስትና አይደለም።

መንገድ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም ያልተለመደ ድካም ከመጣ ወደ ላይ መውጣቱን አቁሙ። ድሬ ላይ ከጀመረ ደንገጎን አትሞክሩ። ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠው፣ ሐኪሙም ሰውዬው ጠልቆ እንደነበር በግልጽ ይነገረው፤ ካልተነገረው የወገብ ሕመም መስሎት ማስታገሻ ሊሰጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ዌል ሻርክ ለማየት ብቻ ነው የምሄደው። ምን ያህል ዕቃ ያስፈልገኛል? (ከመልካ ጀብዱ)

መልስ፦ ለአንድ ሰው 3 ኪሎ አይሞላም፦ ማስክ፣ ስኖርክል (መተንፈሻ ቱቦ)፣ አጭር ፊንና ፀሐይ የሚከላከል ሸሚዝ። ጅቡቲ ውስጥ አርታ አካባቢ የሚመጡት ሻርኮች አብዛኞቹ ገና ያልጎረመሱ ናቸው፤ ውሃው ገጽ ላይ ስለሚመገቡ ሲሊንደር አያስፈልግም። በሲሊንደር ስላልተነፈሳችሁም የ18 ሰዓቱ ነገር አይመለከታችሁም፤ ማታውኑ መመለስ ትችላላችሁ። ከሻርኩ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፣ ከጅራቱ ትንሽ ጨምሩ። የልጆቹን ማስክ እዚሁ ድሬ ላይ ሞክሩት፦ ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊቱ ላይ አስቀምጡና በአፍንጫው ትንፋሽ ሳብ ያድርግ፤ እጃችሁን ስትለቁ ካልወደቀ ልኩ ነው።