ኮባልቱን አትተወው

ከሱሉልታ አፈር ያወጣኸውን ስትሬፕቶማይሲስ (አንቲባዮቲክ የሚሠራ ባክቴሪያ ነው) ስታሳድግ «ከምግቡ ውስጥ ኮባልት የሚባለውን ብረታ ብረት ብተወው ምን ይሆናል?» ላልከው፦ አትተወው። ባክቴሪያው ያድግልሃል፤ አንቲባዮቲኩ ግን ሊቀር ይችላል።

ፎስፎማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ውሰድ። ከካርቦኖቹ አንዷን የሚለጥፈው ኢንዛይም ቫይታሚን ቢ12 ይፈልጋል፤ የቢ12 እምብርት ደግሞ ኮባልት ነው። ቢ12ን ባክቴሪያው ራሱ ይሠራል፣ ኮባልቱን ግን ከየት ያምጣ? እኔን የሚገርመኝ፣ እዚያው ኢንዛይም ውስጥ 4 የብረትና 4 የድኝ አተሞች አንድ ላይ ተቋጥረው መቀመጣቸው ነው። ኦክስጅን ሲነካቸው ይፈርሳሉ። የሌላውን አንቲባዮቲክ፣ የቫንኮማይሲንን፣ ቀለበቶች የሚቆልፉትም ብረት ያዘሉ ኢንዛይሞች ናቸው።

አደራ፣ መጠኑን ጠብቅ። እኔ የኮባልቱን ዱቄት በማንኪያ ጫፍ ገምቼ ጨመርኩ። በ10ኛው ቀን ሳህኑ ላይ ምንም አልበቀለም። ኮባልት ሲበዛ ይገድላል። መጀመሪያ በውሃ በጥብጠህ አቅጥነው፣ ከዚያ በፒፔት ለክተህ ጨምር። ጓንትም አድርግ።