አሮጌው ላፕቶፕ ይታደስ ወይስ ይቀየር? ለመምህርቷ ጥያቄ

እህቴ፣ ያልሽውን ላሳጥረው። የላፕቶፕሽ ፕሮሰሰር ኮር አይ ፋይቭ 5ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። እስኪነሳ ድረስ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይደርሳል፣ ባትሪው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ማስተርስ ልትጀምሪ ስለሆነ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መጫን ትፈልጊያለሽ፣ ባለሱቁ ደግሞ «ይሄ አልቆለታል፣ ቀይሪው» ብሎሻል። እኔ ገና አልተስማማሁም።

እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን ቆይቻለሁ። ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ዕድሜውን ብዙም አልጠይቅም፤ የማየው የትኛው ዕቃ ወደ ኋላ እየጎተተው እንደሆነ ነው። ይህን ለማወቅ ሳንቲም አታወጪም። ላፕቶፑን ክፈቺውና ምንም ፕሮግራም ሳትነኪ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክ እያለ በፐርሰንት ያሳይሻል። ዲስክ የሚለው 100 ላይ ተቸክሎ አልወርድ ካለ፣ ሲፒዩው ግን 10 እና 20 ላይ ከዋለ፣ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ እሱን እየጠበቀ ነው። ወርድና ክሮም ስትከፍቺ ሜሞሪው 90 ካለፈ ደግሞ ራም አንሶታል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስኩ ላይ ስለሚያራግፍ ሁለቱ ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

ያንቺ ላፕቶፕ፣ እንደነገርሽን ከሆነ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው የታነቀው ብዬ እገምታለሁ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ፤ ጥሩ ሲሆን በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፣ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ሲለቃቅም ግን ከዚያ በጣም ይወርዳል። ዊንዶውስ ሲነሳ ሥራው ይኸው መለቃቀም ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ማከማቻ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ እዚያው የሃርድ ዲስኩ ቦታ ይገባና በሰከንድ እስከ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግሽም።

ከፍጥነቱ በላይ ግን እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው። ኤስኤስዲ ላይ ያወጣሽው ብር አይባክንም። ነገ ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ቢቃጠል ነቅለሽ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ታስገቢዋለሽ፤ ባይሆን ኬዝ ገዝተሽ እንደ ኤክስተርናል ትጠቀሚበታለሽ። ባትሪ፣ ኪቦርድና ስክሪን ግን ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ላፕቶፑ ሲሞት አብረው ይቀበራሉ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብር ከማውጣቴ በፊት ዕቃው ወደሚቀጥለው ይሻገራል ወይ ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ራም መሃል ላይ ነው። ያንቺ ትውልድ ላፕቶፖች ባብዛኛው ዲዲአር3ኤል የሚባለውን የራም ዓይነት ነው የሚወስዱት፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉት ደግሞ በብዛት ዲዲአር4፤ ስለዚህ አይሻገርም። ቢሆንም ያገለገለ ራም ርካሽ ስለሆነ 8 ጊጋ ብታደርሺው አልቃወምም። መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ግቢና «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለውን እዪ። ከ2 ስሎት 1 ብቻ ከተያዘ ክፍት ቦታ አለሽ። አንዳንዱ ላይ ግን ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ እሱ ከሆነ እርሺው። ባለፈው አንድ ተማሪ ከአዲስ አበባ በዘመድ ያስመጣውን ራም ይዞ መጣ። ጀርባውን ፈትተን ብናየው የነባሩ ተለጣፊ ፒሲ3ኤል (ዲዲአር3ኤል ማለት ነው) ይላል፣ የአዲሱ ፒሲ4 (ዲዲአር4)። እግሩ ላይ ያለችው ስንጥቅ ቦታዋ ስለሚለያይ ጭራሽ አይገባም፤ እሱ ግን «ትንሽ ጫን በለው» እያለ ይለምነኛል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ዕቃ ተመልሶ ሄደ። አንቺ የነባሩን ተለጣፊ ፎቶ አንስተሽ እሱን እያሳየሽ ግዢ።

ባትሪው ላይ እጄን እሰበስባለሁ። ለአሮጌ ሞዴል ኦሪጅናል ማግኘት ከባድ ነው፣ ቅጂው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይወድቃል። ጅማ ዝናብ ሲጀምር መብራቱ የሚያደርገንን ታውቂያለሽና፣ ወርድ ላይ ፋይሉን በራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ (አውቶ ሪከቨር) ወደ 1 ደቂቃ አውርጂው። ማውስ ፓዱ ወደ ላይ ካበጠ ግን ባትሪው ተነፍቷል ማለት ነው፤ እንዳትበሺውና እንዳትጫኚው፣ ዛሬውኑ አስነቅዪው።

አሁን የባለሱቁን ወገን ልያዝ፣ ምክንያት አለውና። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ዝማኔውን) ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ያንቺ 5ኛ ነው። በጓሮ በር የሚጭኑልሽ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን ዝማኔው ለመቀጠሉ ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ጥሩ መውጫ ነበር፤ አንቺ ግን ፈተና በፓወር ግዕዝ፣ ለዊንዶውስ በተሠራው የአማርኛ መጻፊያ፣ እንደምታዘጋጂ ስለጻፍሽ አልመክርሽም። ስለዚህ ኤስኤስዲው የሚሰጥሽ ፋታ ነው፦ አሁን በእሱ ትምህርቱን ጀምሪ፣ ብር ቀስ እያልሽ አጠራቅሚና የመመረቂያ ጽሑፉ ሳይደርስ 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ያገለገለ ግዢ። እስከዚያው ባንክ ነክ ነገር በስልክሽ ይሁን፣ የሰው ፍላሽም አታስገቢ።

ማጠፊያው ተሰብሮ ስክሪኑን እየጎተተ ከሆነ፣ ወይም ማዘርቦርዱ ከዚህ በፊት ተነካክቶ ከሆነ፣ ኤስኤስዲውንም ተዪውና በቀጥታ ቀይሪ። የማሳደሻው ጠቅላላ ዋጋ ያገለገለ 8ኛ ጄኔሬሽን የሚያወጣውን ግማሽ ካለፈም እንደዚያው።

ስትገዢ «አይ ሰቨን ነው» ሲሉሽ አትደንግጪ። 3ኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን ይዘው በአይ ሰቨን ስም ዋጋ የሚቆልሉ ሞልተዋል። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ፦ 5200ዩ ከሆነ 5ኛ፣ 8250ዩ ከሆነ 8ኛ፣ 10210ዩ ከሆነ 10ኛ ነው። 5200ዩ ባለ 2 ኮር (የፕሮሰሰሩ ሠሪ ክፍል) ነው፣ 8250ዩ ባለ 4። ቻርጀሩን አስነቅለሽ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሞክሪው፣ ኪቦርዱን አንድ በአንድ ንኪው። ትንሽ ቢወደድም እዚሁ ጅማ መርካቶ ወይ ፈረንጅ አራዳ ሄደሽ የምታገኚው ሰው ይሽጥልሽ፤ አዲስ አበባ የተገዛ ሲበላሽ የትራንስፖርቱ ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ደግሞ በክረምት ቦርሳ ውስጥ ዘግተሽ አታስቀምጪው፤ የጅማ እርጥበት ጫማ ላይ የሚያወጣውን ሻጋታ አይተሽዋል።

ኤስኤስዲ ሲገባ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ከዚያ በፊት ፋይሎችሽን ሁለት ቦታ ገልብጪ፣ ነባሩን ሃርድ ዲስክም ሱቅ ትተሽ አትምጪ። የታስክ ማናጀሩን ፎቶ እዚህ ለጥፊልን፤ የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል አብረሽ ከጻፍሽ ራሙ የተበየደ መሆን አለመሆኑን አይቼ እነግርሻለሁ።