መልስ፦ በሜሪላንድ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶብኝ እንደሆነ እንዴት ላጣራ?

ጤና ይስጥልኝ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በአካል መቅረብ የነበረብዎት የትራፊክ ክስ ቀጠሮ እንዳለፈዎትና ዳኛው ቤንች ዋራንት (በቀጠሮ ባለመቅረብ የሚወጣ የመያዣ ትእዛዝ) አውጥተው ይሆን ብለው እንደሚሰጉ ጽፈዋል።

የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች «ኬዝ ሰርች» የተባለ፣ በስም ወይም በመዝገብ ቁጥር የሚፈለግበት ነጻ ድረ ገጽ አላቸው። የእኛ ሰው ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ፣ እንዲሁም የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ፣ መንጃ ፈቃድዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ አስቀድመው ይሞክሩ፤ ካልተገኘ ሌሎቹን ይፈትሹ። መዝገቡን ሲከፍቱ ባለመቅረብዎ የተሰጠ ትእዛዝ ካለ ከነቀኑ ይፈልጉ። ሆኖም ስምዎ አለመገኘቱ ብቻውን ማረጋገጫ ስለማይሆን ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ደውለው ቢጠይቁ ይሻላል።

ትእዛዙ ካለ ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይሰረዝም፤ ለሌላ ጉዳይ መንገድ ላይ ቢያስቆሙዎትም ሊያዙ ይችላሉ። ስለዚህ ጠበቃ ይያዙ፣ አቅም ከሌለዎት የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤትን ይጠይቁ፤ ጠበቃው ትእዛዙ እንዲነሳና አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጥ በጽሑፍ ያመለክታል። ያልቀረቡበትን ምክንያት የሚያሳይ የሆስፒታል ወረቀት ወይም አድራሻ የቀየሩበት ማስረጃ ካለ አብሮ ይያያዝ። ዳኛው ማመልከቻውን ሊቀበሉም ሊነፍጉም ይችላሉ። ጠበቃ ሳያማክሩ ብቻዎን መቅረብ እዚያው ሊያስይዝዎት ስለሚችል፣ እኔ ብሆን አላደርገውም። ዜግነት ካልወሰዱ ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክሩ። የአማርኛ አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ቀደም ብለው ይጠይቁ።