በረዶ ስዝቅ ደረቴን ያዘኝ፤ ብርድ ነው ወይስ ልቤ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 58 ዓመቴ ነው፤ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ እኖራለሁ፣ የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። ዊንተሩ አለፈ ብለን አካፋውን ካስቀመጥን በኋላ ትናንት ከባድ በረዶ ጣለብን። በማለዳ መኪናዬን ለማውጣት ስዝቅ ደረቴን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ፣ ግራ ክንዴም ከበደኝ። ቁጭ ስል በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለቀቀኝ። ባለቤቴ «ብርድ መትቶህ ነው» አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ጾም ላይ ስለሆንኩ ጨጓራዬ መሰለኝ። ልስጋ?

መልስ፦ አዎ፣ ይስጉ። እስካሁን ካልታዩ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲሠሩ የሚይዝ፣ ሲያርፉ የሚለቅና ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ልብ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ብርድ ወይም ጨጓራ አይባልም። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) ይነሣሉ፣ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳይ የደም ምርመራም ይደረግልዎታል። እስኪታዩ ድረስ አካፋውን አይንኩት።

ብርዱ ምንም አላደረገም ማለቴ አይደለም። ብርድ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በዚያ ላይ በክንድ ሲያነሱ፣ ትንፋሽ ይዘው ሲወረውሩ ልብ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ የጠበበው ሥር ግን አያደርስለትም። የማርች በረዶ ደግሞ እንደ ጃንዋሪው ብን የሚል ዱቄት አይደለም፤ ውሃ ያዘለ ነው፣ አካፋው ላይ እንደ ጭቃ ይጣበቃል። ዴንቨር በማርች 2021 ወደ 69 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ በረዶ ጥሎባታል፤ ስለዚህ አካፋው ገና ሥራ አለው፣ የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ይሁን። የቤት ባለቤት የእግረኛውን መንገድ ለማጽዳት በረዶው ከቆመ በኋላ ጊዜ ስላለው በጨለማ የሚያስነሣ ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ የጠዋቱን ኪኒን ውጠው ነበር? በሁዳዴ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ» ብለው መድኃኒት የሚያዘገዩ፣ ውሃም የማይቀምሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እባክዎ ይህን ለሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ፣ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም።

ሕመሙ ከተመለሰ፣ ወይም ላብና ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ወዲያው 911 ይደውሉ። ሆስፒታሉ ቅርብ ቢሆንም ራስዎ መኪና አይንዱ፤ አምቡላንስ ውስጥ ሕክምናው መንገድ ላይ ይጀመራል።