«እርጅና ነው» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ነጭ ጋዋን የለበሳችሁ ሰሞን ትንሽ ትኩራራላችሁ። እኔም ተኩራርቻለሁ። ዋጋውን የከፈሉት ግን አንድ የፒያሳ ልብስ ሰፊ ናቸው።

ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። «አባዬ ይረሳል» አለኝ። ከካርዱ ላይ ቀና ሳልል ስማቸውንና ቀኑን ጠየቅኳቸው። ቀኑን አላወቁትም። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብዬ ሸኘኋቸው። የደም ግፊታቸውን አልለካሁም፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው መቀስ አይዝም።

ያኔ ነው ልጁን በደንብ የሰማሁት። ድንገት ቀነሱ፣ ባሉበት ቆዩ፣ እንደገና ድንገት ወረዱ። እንደ ደረጃ። እግራቸውም እየተጎተተ፣ ከሱቃቸው ጊዮርጊስ ለመድረስ ሦስቴ ያርፉ ነበር። ግፊትና ስኳር ትንንሾቹን የአንጎል ደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣው መርሳት አንዳንዴ እንዲህ በደረጃ ይወርዳል። እግርም ያሳብቃል።

በኋላ ለትምህርት ውጭ ሄድኩ። እንደ ስምንት ቁጥር የተጠመጠመ ሽቦ ጭንቅላቴ ላይ አስጠጉ። ቷ አለ፤ ሳላዘው አመልካች ጣቴ ዘለለች። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ፣ እንግሊዝ ውስጥ ያሳዩት፣ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ አንጎልን የሚቀሰቅስ የማግኔት ምት ነው። ከ10 ምት በ5ቱ ጡንቻው ቢያንስ 50 ማይክሮቮልት (የቮልት ሚሊዮንኛ) የኤሌክትሪክ ምላሽ እንዲሰጥ የሚበቃውን ዝቅተኛ ጉልበት «ደፍ» እንበለው።

እንደ ልብስ ሰፊው የአንጎል ደም ሥራቸው ተጎድቶ የሚረሱ ሕሙማን ደፍ ከፍ ያለ መስሎኝ ነበር። የደከመ አንጎል መቼ በቀላሉ ይነሳል? በበርካታ ጥናቶች የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ደፉ ዝቅ ይላል፣ አንጎሉ በትንሽ ምት ይነሳል። ምናልባት የአንጎል ሴሎችን የሚያረጋጋው ገቺ ኃይል ላልቶ፣ ምናልባትም የተረፉት ሴሎች የጎደለውን ሊሞሉ እየታገሉ። እኔ ሁለተኛው ይማርከኛል፤ ማረጋገጫ የለኝም። አልዛይመር በሚባለው ሌላ የመርሳት በሽታ ላይም ስለሚታይ፣ በዚህ ብቻ በሽታውን እንለያለን ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ለእኔ ግን «አልቆለታል» የምንለው አንጎል ሥራ ላይ መሆኑን አሳይቶኛል።

ስለዚህ ሽማግሌ ሲገባ ተነሡ። ኮሪደሩ ላይ አስኪዷቸው፣ ሲዞሩ ስንት እርምጃ እንደፈጀባቸው ቁጠሩ። ግፊቱን ራሳችሁ ለኩ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል። የራሱን ግፊት ሊያስለካ ይመጣል። እኔም ገና በሩ ላይ እግሩን ነው የማየው።