መልስ፦ የማልያ ቁጥር ሲላጥ

በድሬ ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው በኋላ የማልያህ ቁጥር ጠርዙ መነሳቱን ጽፈሃል። ጠርዙ ብቻ ከሆነ ይመለሳል።

1. ማልያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና ቁጥሩን በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ሸፍን።
2. ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርገህ፣ ያለ እንፋሎት፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጫነው። ወዲያ ወዲህ አትግፋ፤ ቁጥሩ ይጣመማል። መጀመሪያ ግን በውስጥ ስፌቱ በኩል ሞክረው፣ ፖሊስተር በጋለ ካውያ ይቀልጣል።
3. ጨርቁን ሳይቀዘቅዝ አታንሳ።

ቁጥሩ ከተሰነጣጠቀ ካውያ አያድነውም፤ ማተሚያ ቤት ይቀየርልህ።

ከቀፊራ ገበያ ሱፐር ግሉ ገዝተህ እንዳትለጥፍ! ሲደርቅ ድንጋይ ይሆንና ጨርቁን ይዞ ይቀደዳል። ከእንግዲህ ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውሃ እጠብ፣ በረኪና አታስነካው፣ ጥላ ላይ አስጣው። የድሬ ንፋስ ብቻውን ቶሎ ያደርቀዋል።